መፍቻ ፍለጋ ከሮቤ እስከ ሶማሌ ተራ

ሮቤ ላይ ደኅና መፍቻ ከተሰበረ ምትኩ ያለው አዲስ አበባ ነው። በዶዶላና በሻሸመኔ በኩል 430 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ዛሬ መንገዱ አስፋልት ነው፤ ስልኩም በየሰው ኪስ ነው። እኔ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ የሮቤ ጋራዥ ረዳት ሆኜ ስገባ ግን እስከ ሻሸመኔ ድረስ ጠጠር መንገድ ነበር። አውቶቡሱ ሳይነጋ ተነስቶ መርካቶ የሚደርሰው ከመሸ ነው፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ ጭቃ ይዞት መንገድ ላይ ያድራል። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ። አውቶቡስ ተራ ቆመን መፍቻ የጠበቅንባቸውን ምሽቶች ግን አልረሳም።

ባሌ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ተራራውን፣ ቀይ ቀበሮውንና ሳነቴን ነው። እውነትም ከጎባ ተነስቶ በሳነቴ አናት አልፎ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ እንዲህ ከፍ ያለ የመኪና መንገድ በአፍሪካ ጥቂት ነው። የባሌን ሰው የሚያበላው ግን ከተራራው ሥር የተዘረጋው ሜዳ ነው። ሲናና፣ አጋርፋ፣ ጋሰራ፣ ጎሮ፣ ዓይን እስኪደክም ስንዴና ገብስ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል፣ ሁለት ጊዜ ይታጨዳል፤ አንዱን ወቅት ገና፣ ሌላውን ቦና ይሉታል። ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ ትራክተርና ኮምባይነር ቀድመው ከለመዱት የአገራችን አካባቢዎች አንዱ ሆነ። መጀመሪያ በመንግሥት እርሻዎች፣ ኋላ ደግሞ በግል ባለማሽኖች እጅ። ኮምባይነሮቹ ከአርሲ ተነስተው ሰብሉን እየተከተሉ ይመጣሉ፤ የሚከፈላቸውም በአጨዱት ኩንታል ልክ ነው። የቆመ ኮምባይነር ለባለቤቱ ሳንቲም አያስገባም። ገበሬው ላይ ደግሞ ዝናብ ከቀደመው የደረሰው ስንዴ ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅልበታል። ስለዚህ በታኅሣሥና በጥር ሮቤ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚጨነቀው ስለ ማሽን ነበር። የማሽኑ ጭንቀት ደግሞ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው መካኒኩ ሳጥን ላይ ነው።

ችግሩ ከማሽኖቹ ዓይነት ይጀምራል። ወደ ግቢያችን የሚገባው ዕቃ ከአንድ አገር የመጣ አልነበረም። ማሲ ፈርጉሰን አለ፤ ሆዱ ውስጥ ያለው የእንግሊዝ ፐርኪንስ ሞተር ነው፤ ብሎኑ የሚለካው በኢንች ነው። ቤላሩስ አለ፤ ይህ በ1970ዎቹ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ናዝሬት ላይ በተቋቋመው ፋብሪካ ይገጣጠም የነበረው ትራክተር ነው፤ እሱ በሚሊሜትር ነው። አሮጌ ላንድሮቨር በኢንች ነው። የፊያት ጭነት መኪና፣ ኤን ትሬ የምንለው፣ በሚሊሜትር ነው። ላንድክሩዘርም በሚሊሜትር ነው፤ ግን ጃፓንና ጀርመን ለአንድ ውፍረት ብሎን አንድ ዓይነት ጭንቅላት አይሠሩም። ጃፓኖቹ ላይ 12 እና 14 ቁጥር እየተቀያየረ ይሠራል፤ የጀርመኑ ክላስ ኮምባይነር ላይ ደግሞ 13 እና 17 ይፈልጋል። እንግዲህ አንድ የአዲስ አበባ ጋራዥ የአንድ ኩባንያ መኪና ብቻ እየተቀበለ በአንድ ዓይነት መፍቻ ይኖራል። የሮቤ መካኒክ ሁለቱንም ሙሉ ካልያዘ ሥራ የለውም።

አንዱን በሌላው መተካት እንዴት ፈታኝ እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። የ3/4 ኢንች መፍቻና 19 ቁጥር አንድ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ልዩነታቸው የሚሊሜትር 5 መቶኛ ብቻ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ይሠራል። 7/16 ኢንችና 11 ቁጥርም እንዲሁ ይቀራረባሉ። የግማሽ ኢንች ዳዶ ግን 12.7 ሚሊሜትር ነው። 13 ቁጥር ብታስገባበት ይገባል፣ ትንሽ ሲላላ ይሰማሃል፣ ዳዶው ካልዛገ ይፈታልሃል። የዛገ ከሆነና ክብደትህን ከጣልክበት ማዕዘኑን ልጦት ያልፋል። ከዚያ በኋላ ያ ዳዶ የመፍቻ መሆኑ ያበቃል፤ የመሮና የመዶሻ ይሆናል። ማሲ ፈርጉሰኖች ሜዳ ላይ በሚሊሜትር መፍቻ ሲፈቱ ኖረው ወደ እኛ ሲመጡ የብሎኖቻቸው ጭንቅላት ሁሉ ክብ ሆኖ እናገኘው ነበር። የሾፌሩ ጥፋት አይደለም። በእጁ የነበረው እሱ ብቻ ነው።

የዋናው መካኒክ ሳጥን የጥይት ሳጥን ነበር። ደርግ ከወደቀ በኋላ በየገበያው የሚሸጥ አረንጓዴ የእንጨት ሳጥን ነው፤ ገመድ እጀታው በሁለት ሰው እንዲያዝ የተሠራ፣ ከፋብሪካ መሳቢያ ሳጥን ይልቅ ለባሌ የሚመች። በካታሎግ ላይ የምናየው ባለ ጎማ ባለ መሳቢያ ሳጥን ለስሚንቶ ወለል የተሠራ ነው። የእኛ ግቢ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነው፤ ሥራችን ደግሞ ግማሹ እርሻ መሃል ነው። ጋሼ የምንለው ይህ ሰው በሳጥኑ ውስጥ በእንጨት ከፋፍሎ በስተግራ ኢንቹን፣ በስተቀኝ ሚሊሜትሩን አድርጎት ነበር፤ የኢንቹ እጀታ ላይ ቀይ ቀለም ቀብቶበታል። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የቫልቭ ክፍተት መለኪያ፣ የኩሽኔታ መንቀያ፣ ሁሉም ቦታ ቦታ አለው። ከሁሉ የሚሳሳላቸው ሃዜትና ጌዶሬ የሚል ጽሑፍ ያለባቸው የጀርመን መፍቻዎች ነበሩ፤ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ ቴክኒሻን ላይ የገዛቸው ናቸው። ማታ ማታ በአሮጌ ዘይት በተነከረ ጨርቅ ይጠርጋቸዋል። የሮቤ ጉም ብረት አይምርም፤ ጎባ ደግሞ ከዚያ ይብሳል።

በዚያ ጊዜ መፍቻ መግዛት ማለት መጻፍ ማለት ነበር። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያለ አንድ ባለሱቅ የጋሼ ደንበኛ ነው። የሚፈለገው ዕቃ በወረቀት ላይ ይሣላል፣ ገንዘቡ ይቆጠራል፣ ለአውቶቡስ ረዳት ይሰጣል። እኔ ማንበብና መጻፍ ስለምችል ጸሐፊው እኔ ነበርኩ።

«ጋሼ፣ ስንት ቁጥር ብዬ ልጻፍ?» እለዋለሁ።

«ቁጥሩን ጻፍ፤ ብሎኑንም ፈተህ ላክለት» ይለኛል። «ቁጥር ሰው ይሳሳታል፣ ብሎን አይሳሳትም።»

እንዲህ እያልን ብሎን በጨርቅ ጠቅልለን 430 ኪሎ ሜትር እንልክ ነበር። መልሱ በሳምንት፣ ቢዘገይ በሁለት ሳምንት ይመጣል። አንዳንዴ የመጣው ዕቃ ልኩ ትክክል ሆኖ ዓይነቱ ሌላ ነው። ውስጡ ባለ 6 ማዕዘን የሆነ ሶኬት አዝዘን ባለ 12 ማዕዘን ይመጣል። ባለ 12 ለፈጣን ሥራ ጥሩ ነው፤ በጠባብ ቦታ ዳዶውን ቶሎ ያገኘዋል። ለዛገ የኮምባይነር ዳዶ ግን የሚያስፈልገው ባለ 6 ነው፤ ምክንያቱም የዳዶውን ጎን ጎኑን ይይዛል እንጂ ጫፍ ጫፉን አይቧጥጥም። ይህን በደብዳቤ ማስረዳት ከባድ ነው። መመለስ ደግሞ ሌላ ሁለት ሳምንት ነው፤ ባለሱቁ ከተቀበለው ማለቴ ነው።

ኋላ ጋሼ እኔኑ ይልከኝ ጀመር። መግዛት ያስተማረኝ ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ ሁሉም ዕቃ «ኦርጂናል» ነው፤ «የጀርመን» ይባላል፣ «የታይዋን» ይባላል፣ ዋጋው ሲወርድ ብቻ «የቻይና» ይሆናል። የቻይና ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ዛሬ የቻይና ፋብሪካዎች በጣም ጥሩ መፍቻ ይሠራሉ፤ የታይዋኖቹ እነ ኪንግ ቶኒ ደግሞ በእኔ ሚዛን ከአውሮፓዎቹ ብዙም አያንሱም። ችግሩ ጽሑፉ ነው። «ክሮም ቫናዲየም» የሚለውን ቃል ማንም በማንኛውም ለስላሳ ብረት ላይ መምታት ይችላል። የሠሪው ስም የሌለበት፣ ክሮም ቫናዲየም የሚል ብቻ የተጻፈበት መፍቻ ሳይ እጄን እሰበስባለሁ።

ስለዚህ ሱቅ የምገባው ሦስት ነገር ይዤ ነበር፦ ያልተበላ አዲስ ብሎን፣ ትንሽ ሊማ እና ካሊፐር። መፍቻው ብሎኑን ሲይዝ መወዝወዝ የለበትም፤ አፉን በካሊፐር እለካለሁ፤ ከልኩ የሚሊሜትር አሥረኞች ከሰፋ ገና ከፋብሪካው ያረጀ ነው። ሊማውን በማይታይ ጥግ ቀስ ብዬ አስነካለሁ፤ ጠንካራ ብረት ከሆነ ሊማው ይንሸራተታል፣ ለስላሳ ከሆነ ይነክሰዋል። ይህን ሳደርግ የሚቆጡ ባለሱቆች ነበሩ፤ ያልፈቀደልኝ ጋ አልገዛም። ክሮሙ ያበጠ ወይም ጠርዙ ላይ የተላጠ ከሆነ እተወዋለሁ፤ የተላጠ ክሮም እንደ ምላጭ ጣት ይቆርጣል። ራቼቱን ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ አዞረዋለሁ፤ ጥርሱ የሚዘል ካለ ይሰማል። የጥርሱን ብዛትም እጠይቃለሁ። ባለ 36 ጥርስ ራቼት አንዱን ጥርስ ለማለፍ 10 ዲግሪ መዞር አለበት፤ ባለ 72 ግማሹን። ጠረጴዛ ላይ ይህ ልዩነት ምንም አይመስልም። ኮምባይነር ሆድ ውስጥ ክንድህን እስከ ትከሻህ ከትተህ፣ ቺንጋና ላሜራ መሃል እጀታው የሚንቀሳቀስበት ቦታ አጥተህ ስትቀር ግን ሥራው የሚሠራና የማይሠራ የሚሆነው በዚያ 5 ዲግሪ ነው።

ሌላም የተማርኩት ነገር፣ በትልቅ ፕላስቲክ ሳጥን ታሽጎ «108 ዕቃ» እየተባለ ከሚሸጠው መራቅ ነው። ቁጥሩ የሚሞላው በጥቃቅን የካቻቪቴ ጫፎችና ማንም በማይነካቸው መጠኖች ነው። በዚያው ገንዘብ 8 ወይም 10 ደኅና መፍቻ ነጥሎ መግዛት ይሻላል፤ የቀረውን ሥራው ራሱ ሲጠይቅ ትገዛዋለህ። ባለሱቆቹ ነጥለው መሸጥ አይወዱም፤ ግን ጠዋት ቀድሞ ለመጣና ሻይ አብሮ ለሚጠጣ ሰው ይሸጣሉ።

ከሶማሌ ተራ ስወጣ ምናለሽ ተራ ሳላይ አልመለስም ነበር። ቆራሌው ከየቤቱ የለቀመው ብረት ሁሉ የሚያርፍበት ነው። ከዚያ የተጣለ ብረት መሃል ቤታና ኡሳግ የሚባሉ የጣሊያን መፍቻዎች፣ አሮጌ የጀርመን ሶኬቶች አግኝቻለሁ፤ ከአዲሶቹ ሁሉ የበለጡ። እዚያ ሲገዛ የሚታየው አፉ ነው። አፉ የተከፈተ ወይም እጀታው ላይ ቧንቧ ተጨምሮበት የተጣመመ ከሆነ የስሙ ታላቅነት አይረዳህም። ጤነኛ ከሆነ ዝገቱ አያስፈራም፤ ናፍጣ ውስጥ ያድራል፣ ጠዋት ይጸዳል።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ያደረግነው ሰው ስለማናምን አልነበረም። ከተሰበረ የሚመልስልን ስለሌለ ነው። በየሱቁ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል፤ ዛሬም ይላል። ለሮቤ ሰው ይህ ጽሑፍ ባይኖርም ልዩነት የለውም። አንድ የተሰነጠቀ ሶኬት ይዞ 430 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ማን ነው? የአውቶቡሱ ዋጋ ከሶኬቱ ይበልጣል።

አንድ የጥር ወር ከሲናና ወዲያ የቆመ ኮምባይነር ነበር። የመውቂያው ሲሊንደር ኩሽኔታ ነው የሄደው፤ ኩሽኔታው ራሱ ሮቤ ተገኝቷል። ለማውጣት ግን ከዘንጉ ጫፍ ያለው ትልቅ ዳዶ መፈታት አለበት፤ ለዚያ የሚሆነው አዲሱ ሶኬታችን ገና ኃይል ሲያርፍበት ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። የእርሻው ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሐጂ ነበሩ። ከምሥራቅ በኩል ደመና ይታያል፤ የወቅቱ አይደለም፤ ግን ባሌ ላይ ይከሰታል። ሐጂ አልተቆጡም። ኮፍያቸውን አስተካክለው ጋሼን፣ «ልጄ፣ ሰማዩን እያየኸው ነው?» አሉት። ጋሼ፣ «እያየሁት ነው ሐጂ፤ ዛሬ ማታ ሳልተኛ እሠራዋለሁ» አላቸው።

በሮቤና በጎባ ጋራዦች መካከል አንድ ያልተጻፈ ስምምነት ነበር። ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ትልልቁ የሶኬት ስብስብ ጎባ ነበር፤ የናፍጣ ኢንጀክተር መፈተሻው ሮቤ። የፈለገ ልጅ ይልካል፣ የተበደረ ጠርጎና ቀብቶ ይመልሳል፣ የሰበረ ይተካል። ሻጭ ያልሰጠንን ዋስትና እርስ በርሳችን እንሰጣጥ ነበር ማለት ነው። ያን ቀን እኔ ጎባ ተላክሁ፤ ሶኬቱ ግን ጎሮ ለሌላ ኮምባይነር ወጥቷል፤ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። የተላክሁበት ጋራዥ ባለቤት ባዶ እጄን አልመለሰኝም፤ ወደ አንድ ብረት ቀጥቃጭ ወሰደኝ።

ይህ ሰው ስሙ በከተማው ውስጥ በክብር የሚጠራ አልነበረም። በአገራችን ብረት ቀጥቃጭ እንዴት ይታይ እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ያረሰውም፣ ያጨደውም፣ የወቃውም በእሱ እጅ ሥራ ሆኖ ሳለ ማዕዱን የማይቀርብ ብዙ ነበር። እኔ ይህን ነገር ያን ምሽት ካየሁ በኋላ በጭራሽ ልቀበለው አልቻልኩም። ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ አንድ ቅጠል ቆረጠ። አግሎ ደረበው፣ በዳዶው ልክ አፍ አወጣለት። ጋሼ ከሮቤ ዳዶውን በቆርቆሮ ላይ ቆርጦ ልኬት ልኮልኝ ነበር፤ በእሱ እያስገባ እያወጣ በሊማ አስተካከለው። ከዚያ ቀይ እስኪሆን አግሎ አሮጌ የሞተር ዘይት ውስጥ ነከረው። እንዲሁ ከተተወ ጠንክሮ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ስለዚህ ጸድቶ እንደገና ቀስ ብሎ ሞቀ፣ ጫፉ የገለባ ቀለም ሲይዝ ቆመ። ሌሊቱን ነው የጨረሰው። በማግስቱ ከቀትር በፊት ዳዶው ተፈታ፤ ኩሽኔታው ገባ፤ ኮምባይነሩ ደመናው ወደ ታች ሳይወርድ ማሳውን ጨረሰ። የባሌስትራው መፍቻ በጋሼ ሳጥን ውስጥ ለዓመታት ኖሯል፤ አፉ አንድም ቀን አልተከፈተም።

ሚኒሶታ የሚኖር የአጎቴ ልጅ የጭነት መኪና መካኒክ ነው። እሱ ሲያወራልኝ መጀመሪያ አላመንኩትም። አሜሪካ ውስጥ ስናፕ ኦን የሚባለው በ1920 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የተመሠረተ ኩባንያ ዕቃ የጫነ መኪና በየሳምንቱ ጋራዥ ለጋራዥ ይዞራል። መካኒኩ ሥራውን ሳያቋርጥ በር ላይ ይገዛል፣ በየሳምንቱ ቀስ እያለ ይከፍላል፤ መፍቻው ከተሰበረ መኪናው ሲመጣ ይቀየርለታል። ክራፍትስማን የሚባሉት ደግሞ፣ ሲርስ ከ1927 ጀምሮ ይሸጣቸው የነበሩት፣ የእጅ መሣሪያዎቻቸው ዕድሜ ልክ ዋስትና ነበራቸው። የአጎቴ ልጅ አንድ የሶኬት ስብስብ በሰው ላከልኝ። ከመንገደኛው 23 ኪሎ ሻንጣ ግማሹን የበላ ብረት ነበር፤ ያንን ይዞ የመጣውን ሰው እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። ሮቤ ውስጥ ሲታይ የሁሉም ሰው ዓይን እሱ ላይ ነበር። ሲሰበር ግን ዋስትናው ሚኒሶታ ነው የቀረው፤ እኔ ያለሁት ባሌ። የራቼቱ ጥርስ ተበልቶ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። ሄደ፣ ተቀየረ፣ ተመለሰ። ዋስትና ማለት ሻጩ ያለበትን ርቀት ያህል ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ስለ ቶርክ መፍቻ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ ምክንያቱም በመሣሪያ እጥረት ስንት ሞተር እንደተበላሸ የሚያሳየው እሱ ነው። የሞተር ቴስታታ ብሎኖች ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ በተወሰነ ኃይል፣ በየደረጃው ነው የሚጠብቁት። ከላላ ጓርኒሲዮኑ ይነዳል፤ ከበዛ ብሎኑ ይሳባል ወይም ቴስታታው ይጣመማል። የድሮ መካኒኮች በክንድ ያጠብቁ ነበር፤ የጋሼ ክንድ እውነትም የሚገርም ነበር። ክንድ ግን ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም። ኋላ በራሴ ጋራዥ ቶርክ መፍቻ ገዛሁ። የዚህ መሣሪያ ልኬት በ5,000 ጊዜ አገልግሎት ወይም በዓመት አንድ ጊዜ መፈተሽ እንዳለበት ዓለም አቀፉ ደንብ ይላል። ሮቤ ውስጥ የሚፈትሸው ቦታ አልነበረም። እኛ ያለን ነገር የእህል ገበያ ነው፤ በእህል ገበያ ደግሞ የታተመ የብረት ሚዛን ኪሎ አይጠፋም። መፍቻውን ሞርሳ ላይ አስሬ አግድም አስተኛዋለሁ፤ ከሚዞርበት መሃል ግማሽ ሜትር ላይ፣ እጅ በሚይዝበት ቦታ፣ 20 ኪሎ አንጠለጥላለሁ። 20 ኪሎ በግማሽ ሜትር 10 ኪሎግራም ሜትር ይሆናል፤ በአዲሱ መለኪያ 98 ኒውተን ሜትር ማለት ነው። መፍቻውን 98 ላይ አድርጌ ሲጮህ ደኅና ነው። ቀድሞ ከጮኸ ወይም ከዘገየ ልዩነቱን በቀለም እጀታው ላይ እጽፋለሁ። የቤተ ሙከራ ያህል ትክክል አይደለም፤ በጨለማ ከመሥራት ግን ያድናል። ይህን ዘዴ ለሚሠሩ ልጆች ሁሉ አሳይቻለሁ፤ ያነበበውም ሰው ይጠቀምበት።

ዛሬ ሮቤ ብዙ ተለውጧል። ዩኒቨርሲቲ አለ፣ አውሮፕላን ማረፊያ አለ፣ የመሣሪያ ሱቆችም ተከፍተዋል። ቶታልና ኢንግኮ የሚባሉት የቻይና ዕቃዎች መደርደሪያ ሞልተዋል፤ ለግንበኛና ለአናጢ በቂ ናቸው፤ ለቀላል የመኪና ሥራም ያገለግላሉ። አዲስ አበባ ያለ ባለሱቅ የዕቃውን ፎቶ በስልክ ይልካል፤ ከግንቦት 2013 ወዲህ ቴሌብር ስላለ ገንዘብ ለረዳት ማስያዝ ቀርቷል። ፎቶ ግን አፍ አይለካም፣ በሊማ አይነካም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይመራ ሲባል 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ የመፍቻውም ዋጋ ተከተለ። ይህ ወጣቱን መካኒክ ወደ ርካሹ ገፋው፤ ርካሹ ደግሞ በየአጨዳው እየተሰበረ በመጨረሻ ከውዱ በላይ ያስወጣዋል። በዚህ ላይ አዳዲሶቹ ኮምባይነሮች ኮምፒዩተር አላቸው። ስህተቱን የሚያነበው መሣሪያ ያለው አስመጪው ዘንድ ነው፤ ባለሙያው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የሚጠፋው ቀን እኛ ብሎን በጨርቅ ጠቅልለን በላክንበት ዘመን ከጠፋው እምብዛም አይለይም።

በሚሊዮኖች የሚገዛ ማሽን በየዓመቱ ባሌ ይገባል። ከማሽኑ ጋር የሚሸጠው ግን ቁልፉና መመሪያ መጽሐፉ ብቻ ነው። የዚያ ማሽን ሻጭ በሮቤ አንድ ክፍል ተከራይቶ ማሽኑ የሚፈልጋቸውን ልዩ መሣሪያዎች ቢያስቀምጥ፣ ለአካባቢው መካኒኮች በዋስትና ቢያከራይ፣ የተሰበረውን እዚያው ቢቀይር ከዋጋው ላይ የሚሰማው ነገር አይኖርም። የገበሬ ዩኒየኖችም ማዳበሪያና ዘር እንደሚያመጡት ሁሉ መፍቻ በጅምላ አምጥተው ለጋራዦች በዱቤ መስጠት ይችላሉ፤ ክፍያው ከአጨዳ በኋላ ይሰበሰባል። የሮቤና የጎባ የቴክኒክና ሙያ ተቋማትም የቶርክ መፍቻ መፈተሻ ቢኖራቸው ለተማሪዎቻቸው ትምህርት፣ ለከተማው ደግሞ አገልግሎት ይሆናል።

ኮምባይነር የምታስመጡ፣ ዩኒየን የምትመሩ፣ የሙያ ትምህርት ቤት የምታስተዳድሩ ወገኖች፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። የቦና ስንዴ የሚደርሰው በታኅሣሥ ነው፤ ከዚያ በፊት ከእናንተ አንዱ ሮቤ ላይ ይጀምረው።